ጉድጓዱን ሐይቅ ያሰኙት ጋሼ ሀብተአብ

ጋሼ ሀብተአብ ከአጭር ሕመም በኋላ ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ ሮማ አርፈዋል። በኤስኲሊኖ ገበያ፣ በካስትሮ ፕሬቶሪዮና በሮማኒና የምታውቋቸው ሁሉ መርዶው ደርሷችኋል። ይህን የምጽፈው ግን ለማልቀስ ብቻ አይደለም፤ እኚህ ሰው አሸንፈው ነው የሄዱት።

አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩት ጋሼ ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩት ከሮማ በስተምዕራብ፣ ባሕሩ አጠገብ ባለው ዝቅተኛ ሜዳ ነው። እርሻው ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ፓምፕ ካልሳበለት ውሃ ይውጠዋል። እሳቸው የፓምፑ ጠባቂ ነበሩ። አንድ ቀን ስለ ባሕር የጻፍኩትን ግጥም ባነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው «ጥሩ ነው ልጄ፤ ውሃው ግን እግሬን አላረጠበውም» አሉኝ። ተናድጄ ቀደድኩት። በሳምንቱ የጎማ ቦት ጫማ ገዝተውልኝ የእርሻውን ቦዮች ሲያዞሩኝ ዋሉ።

ጡረታ በወጡ ጊዜ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት የገበያ ማዕከል ሊሠራ ሲቆፈር ጉድጓዱ በውሃ ተሞላ። ሸምበቆ በቀለ፤ ዳክዬ መጣ። የቦታው ባለቤቶች ደፍነው ሊገነቡ ፈለጉ። ክርክሩ በአንድ ጥያቄ ላይ ቆመ፦ ያቆረው ዝናብ ከሆነ ይደፈናል፤ ከመሬት የሚፈልቅ ከሆነ ግን በሕጉ የሕዝብ ሐይቅ ነው።

በሰፈሩ ስብሰባ የባለቤቶቹ ኢንጂነር «ዝናብ ነው፤ በሦስት ቀን እናደርቀዋለን» አለ።

ጋሼ ከኋላ ተነሡ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ይምጠጡት። እኔም ወንበሬን ይዤ እመጣለሁ።»

ጎረቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ሳቁ። «ጋሼ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ውሃ ሲያባርሩ ኖረው ዛሬ ጠበቃው ሆኑ?»

«ታዲያ ያባረርኩትን አላውቀውም?»

ወሩ ነሐሴ ነው፤ የሮማ ሰማይ ጠብታ አልጣለም። ጋሼ በውሃው ልክ ቀይ ክር ያሰሩበት እንጨት ከዳር ተክለው ተቀመጡ። ፓምፖቹ ቀኑን ሙሉ ሲያጓሩ ውሃው ከክሩ በታች ስንዝር ይወርዳል፤ ሠራተኞቹ አጥፍተው ሄደው ጠዋት ሲመለሱ ክሩን ነክቶ ይጠብቃቸዋል። በሦስተኛው ጠዋት ግማሹ ሰፈር ዳር ላይ ቆሟል። ኢንጂነሩ እንጨቱን ሁለት ጊዜ አጎንብሶ አየ።

«አሎራ ሲኞር፣ እንግዲህ ምን ይላሉ?»

«እኔ ምን እላለሁ? የመሰከረው የእርስዎ ፓምፕ ነው።»

ጭብጨባው ሲቀልጥ ወይዘሮ አልማዝ እልልታውን ለቀቁት። ኢንጂነሩም ሳይወድ ፈገግ አለ፤ ያየውንም ሳያዛባ ጻፈ። አሁንም ሰው ሠራሽ ነው ለሚሏቸው ጋሼ «ጉድጓዱ የሰው ነው፤ ውሃው ግን የራሱ ነው» ይሉ ነበር። ከተማውም በመጨረሻ የተፈጥሮ ሐይቅ ብሎ መዘገበው። የምዝገባውን ደብዳቤ ጋሼ እዚያው ዳር ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልን።

ጋሼ፣ እኛ በዚህ ከተማ ወረቀት ስንጠብቅ ዕድሜያችን ያልቃል፤ እርስዎ ለሐይቅ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ፔርሜሶ አስወጡለት! ሮማ በእርስዎ ምክንያት ካርታዋን አርማለች። ትናንት ከቀብርዎ ስንመለስ ልጆች በታንኳ ሲቀዝፉበት አየን፤ ማንም አልከለከላቸውም። በሰላም ይረፉ፤ ሐይቅዎ የትም አይሄድም።