አልሰማሁም ያልኩበት ቀን

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ትጠይቀኝ ጀመር። የድሮ የቴሌቪዥን ጨዋታዎችን ከአጭር መግለጫ የመለየት ውድድር ነው። «ጡቦች ከላይ ይወርዳሉ፤ መስመሩ ሲሞላ ይጠፋል» ስትለኝ «ቴትሪስ» አልኳት። «ቀይና ነጭ፣ ካሴቱ ከላይ የሚሰካ» ስትለኝም ማሽኑን አወቅሁት። አሥሩንም ጥያቄ መለስኩላት።

«አባዬ፣ አንተ ደግሞ ይሄን ከየት አወቅኸው?» ብላ ሳቀች።

«ልጅ ሆኜ፣ አምቦ» አልኳት። ያስተማረኝን ልጅ ስም መጥራት አቃተኝ።

ገመቹ ይባላል። ከሸነን መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ ዘጠነኛ ክፍል አብሮኝ ይማር ነበር። እናቱ አልፎ አልፎ በአውቶቡስ ጭኮ ትልክለታለች። ከትምህርት ቤት ስንወጣ የሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆመን እየቆረስን እንበላዋለን፤ የገብሱና የቅቤው ሽታ እስከ ማታ ከጣቴ አይለቅም። እኛ ቤት የሚነገረው አማርኛ ነው። ነገር ግን አምቦ ተወልዶ ኦሮምኛ የማይሰማ ማን አለ? ከገመቹ ጋር ስናወራ በአንዱ ቋንቋ የጀመርነውን በሌላው እንጨርሰዋለን። የእሱ አማርኛ ደህና ነበር፤ ሲቸኩል ብቻ ይጠፋበታል።

በዚያ ዓመት ሰለሞን የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጥቶ መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ከፈተ። ቴሌቪዥኖቹ ሦስት ናቸው፤ ወንበሮቹ ሲቀመጡባቸው ሲጢጥ ይላሉ። ገመቹ ከተጫዋቾቹ ጀርባ ቆሞ ማየት ይወድ ነበር። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ ያያል። እኔ ስጫወት የማላየውን እሱ ቆሞ ያየዋል። ወደ ቤት ስንሄድ ደግሞ ይጠይቀኛል፦ «ዳክዬ ይበርራል፤ ከሳትከው ውሻ ይስቅብሃል። ምንድን ነው?» ስሳሳት ውሻውን ሆኖ ይስቅብኛል። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በእነዚያ መንገዶች ላይ ነው።

ሰኔ ላይ፣ ፈተና እንዳለቀ፣ ሰለሞን ውድድር አዘጋጀ። እሱ መግለጫ ያነባል፤ ቀድሞ ያወቀ ነጥብ ያገኛል። ሽልማቱ አንድ አሮጌ ማሽን ከነሁለት መጫወቻው ነበር። ስንገባ ገመቹ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «ማናችንም ብናሸንፍ ቴሌቪዥን ያለው እናንተ ቤት ነው። አብረን እንጫወታለን፣ አይደል?» አለኝ።

«እንዴታ!» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደቁ። የወደቁት መልስ እያቀበሉ ሲያስቸግሩ ሰለሞን ወደ በረንዳ አስወጣቸውና በሩን ዘጋው። ውስጥ የቀረነው ሦስታችን ብቻ ነን፤ እሱ፣ ገመቹና እኔ። ነጥባችን እኩል ነበር።

ሰለሞን የመጨረሻዋን ወረቀት አነሳ። «ሲበላ ይረዝማል። የራሱን ጅራት የነካ ጊዜ...»

«ቦፋ!» አለ ገመቹ።

ቦፋ በኦሮምኛ እባብ ማለት ነው። መልሱም እባብ ነበር። ሰለሞን ግን ኦሮምኛ አያውቅም፤ ግራ ተጋብቶ አየው። በዚያች ቅጽበት አፌ ከእኔ ቀደመ፤ «እባብ!» አልኩ።

«ትክክል!» አለ ሰለሞን።

ገመቹ ከወንበሩ ተነሳ። «እኔም እሱን ነው ያልኩት! ቦፋ ማለት እባብ ነው። ታደሰን ጠይቀው፣ እሱ ያውቃል።»

ሰለሞን ወደ እኔ ዞረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ብነግረው ይቀበለኝ ነበር። «እንደዚያ ነው ያለው?»

በማሽኑ የምንጫወተው አብረን ነው፤ ቢያሸንፍ ከእጄ የሚሄድ ነገር አልነበረም። እኔ የፈለግሁት አንድ ቀን ከእሱ መብለጥ ብቻ ነው። በረንዳው ላይ የቆሙት ልጆች «ታደሰ አሸነፈ» ሲሉ መስማት ፈለግሁ።

«አልሰማሁም» አልኩ። ሰለሞን ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ሲቆይ ጨመርኩበት፤ «ሌላ ነገር ያለ መሰለኝ።»

«ሰው ሲመልስ ሰምቶ 'የእኔ ነው' ማለት ነውር ነው» ብሎ ሰለሞን ገመቹን ተቆጣው። «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ።»

ገመቹ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አየኝና ቀስ ብሎ፣ «አቲ ደጌሴርታ» አለኝ። አንተ ሰምተሃል ማለቱ ነው። ከዚያ ዝናቡ ውስጥ ገባ።

ማሽኑን ይዤ ስገባ አባቴ ኮራብኝ፤ ለጎረቤት ሁሉ አወራ። ልጆች እየመጡ ክረምቱን ሙሉ ተጫወትን፤ እሸት በቆሎ እየጋጥን ሳቅን። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ማንም አልተጣላኝም፣ ቅጣት የሚባል ነገር አልመጣም። መስከረም ላይ ገመቹ አምቦ አልተመለሰም። እዚያው ሸነን እንደሚማር ሰማሁ። ሸነን ሩቅ አይደለም፤ በአንድ አውቶቡስ እደርስ ነበር። አልሄድኩም።

ከዓመታት በኋላ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሸነን ሄጄ ሆዴን አመመኝና ጤና ጣቢያ ገባሁ። ነጭ ጋውን ለብሶ የተቀመጠው ገመቹ ነበር። አወቅሁት፤ እሱም አወቀኝ። «አካም ጅርታ፣ ገመቹ?» አልኩት፣ በልጅነታችን ቋንቋ።

«ደህና ነኝ። ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለኝ፤ በጠራ አማርኛ፣ አንቱ ብሎ።

ምን እንደበላሁ፣ መቼ እንደጀመረኝ ጠየቀኝ። በደንብ መረመረኝ፤ መድኃኒቱን ጻፈልኝ፤ አወሳሰዱን ሁለት ጊዜ አስረዳኝ። ልወጣ ስል በሩ ጋ ቆምኩ። «ገመቹ፣ ያን ቀን ሰምቼህ ነበር።»

ካርዶቹን ከማስተካከል አላቆመም። «አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ወደ ኮሪደሩ አየና የቀጣዩን ታካሚ ስም ጠራ።

ልጄ አሁንም ለጓደኞቿ «አባቴ አንድም አይስትም» እያለች ታወራለች። ገመቹ ያን ቀን ቢቆጣኝ ኖሮ፣ ቢሰድበኝ ኖሮ፣ ይቅርታ የምጠይቅበት በር ይኖረኝ ነበር። እሱ ግን እንደማንኛውም በሽተኛ አክሞ አሰናበተኝ። ከዚያ ወዲህ ሸነን የሚያስኬድ ሥራ ሲመጣ ሰበብ ፈልጌ ሌላ ሰው እንዲሄድ አደርጋለሁ።