«ሽምግልና» ብዬ የተረጎምኩት ገጽ

በፈረንጆቹ ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ በምኖርበት አፓርትመንት ውስጥ ወረቀት አንባቢው እኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ስለነበር፣ ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ በሬን ያንኳኳል። የኢንሹራንስ፣ የኢሚግሬሽን፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። በር ላይ እንደቆምኩ ላይ ላዩን አየት አደርገውና «ምንም አይደለም፣ እዚህ ጋ ፈርም» እላለሁ። ሰው ያመሰግነኛል። ቀን ሙሉ የኤርፖርት ሻትል እየነዳ የሰው ሻንጣ ለሚጭን ሰው፣ ቤቱ ሲገባ «መምህር» መባል ቀላል ነገር አልነበረም።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ባልየውን ጋሼ፣ ሚስቲቱን እትዬ ነበር የምላቸው። ልጅ የላቸውም። ጋሼ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ለዓመታት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በእግር መሄድ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ኢስት ኮልፋክስ የሚባለውን ጎዳና ይዘው ሲሄዱ፣ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ አጠገባቸው ቆሞ በሩን ቢከፍትላቸው እንኳ በእጃቸው አሰናብተውት ያልፋሉ።

አንድ ጥር ላይ ስትሮክ መታቸው። ሆስፒታል ስምንት ቀን ተኙ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት እትዬ ደወሉልኝ።

«ዛሬውኑ ይውጡ አሉን። ሌክውድ ያለ ማገገሚያ ቤት አልጋ ተገኝቷል። የሚፈረም ወረቀት አለ ይላሉ፤ ናልኝ ልጄ።»

እዚያ ስደርስ ለሚቀጥለው ምልልስ ለመነሳት አርባ ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። ሻትሉን የማገገሚያ ቤቱ በር ላይ ፓርክ አደረግኩና ገባሁ። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ጎማ ባለው አልጋ ተኝተዋል። አፋቸው በአንድ በኩል ወርዷል። እትዬ ነጠላቸውን አጣጥፈው ከራሳቸው ሥር አድርገውላቸዋል። ክፍል የሚገቡት ወረቀቱ ሲያልቅ ነው ተባልን።

የመግቢያ ክፍል ሠራተኛዋ ትሁት ሴት ነበረች። ስልሳ ገጽ ገደማ የሚሆን ጥራዝ ፊታችን አስቀመጠች። የሚፈረምበት ቦታ ሁሉ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል። እሷ ገጹን ትገልጣለች፤ እኔ «ይሄ ስለ መድኃኒት ነው፣ ይሄ ስለ ዕቃቸው ነው» እላለሁ፤ እትዬ ይፈርማሉ። የሚፈርሙት በአማርኛ ነበር፣ እያንዳንዱን ፊደል ሳይቸኩሉ እየቀረጹ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

አንድ ገጽ ላይ ብዕሩን አቆሙ።

«ይሄኛው ለብቻው ርዕስ አለው፤ ፊደሉም ደመቅ ብሏል። ምንድን ነው የሚለው?»

ጎንበስ ብዬ ርዕሱን አየሁ። «አርቢትሬሽን» ይላል። ቃሉን አውቀዋለሁ። መዝገበ ቃላት ላይ ግልግል፣ ሽምግልና ተብሎ የሚተረጎም ቃል ነው፤ ተማሪዎቼንም እንደዚያው አስተምሬያቸዋለሁ።

«አለመግባባት ቢፈጠር ፍርድ ቤት ሳንሄድ በሽምግልና እንጨርሳለን ነው የሚለው» አልኳቸው።

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።

«እነሱም ሽማግሌ ያውቃሉ እንዴ? ደግ ነው፤ ከክስ ይሻላል» አሉና ፈረሙ።

ከርዕሱ ሥር ሁለት ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ነበር። አላነበብኩትም።

ጋሼ እዚያ ቤት አሥራ አንድ ሳምንት ቆዩ። እትዬ በየቀኑ አውቶቡስ እየቀያየሩ ይመላለሱ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ከጋሼ ግራ እግር መጥፎ ሽታ ሸተታቸው። ካልሲውን ሲያወልቁት ተረከዙ ጠቁሯል። ጋሼ ያ ጎናቸው ስለማይሰማቸው አልተናገሩም። እትዬ ነርስ ጠርተው በጣታቸው አሳዩ። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች፣ ማስታወሻ ያዘች፣ ሄደች። በማግሥቱ እትዬ ሲመጡ ካልሲው ተመልሶ እግራቸው ላይ ነበር፤ ሥሩ ምንም ፋሻ የለም።

ለእኔ ነገሩኝ። ደወልኩ። መልእክት ተው ተባልኩና ተውኩ፤ ደግሜም ተውኩ። በሦስተኛው ያነሳችው ሴት «ሐኪሙ ያውቃል፣ እየተከታተልን ነው» አለችኝ፤ አመንኳት። ሌክውድ ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሄጄ ባየሁ ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ አልናገርም፤ ለጋሼ የሚያደርግላቸው ነገር የለም።

እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

«ገንዘብ አይደለም የምፈልገው» አሉኝ እትዬ። «ዳኛ ፊት ቆመው፣ ያ እግር ሲጠቁር የት እንደነበሩ ይናገሩ።»

በአምስተኛው ወር ዴንቨር መሃል ከተማ ወዳለ ጠበቃ ወሰድኳቸው። ጠበቃው ጥራዙን ተቀበለኝ፤ ከመጀመሪያው ገጽ አልጀመረም። ያንን ገጽ በቀጥታ ፈልጎ አወጣው። እንዲህ ዓይነት ጥራዝ ብዙ አይቷል።

«ይህን ፈርመዋል» አለ። «ስለዚህ ፍርድ ቤት አይሄዱም። ሕዝብ የሚሰማው ችሎት የለም። በዝግ የሚያየው አንድ ሰው ይኖራል፤ እሱ ከወሰነ በኋላ ይግባኝ ማለት ዘበት ነው።»

«ባይፈርሙ እኮ አይቀበሏቸውም ነበር» አልኩት።

ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ በጣቱ አንድ መስመር ነካልኝ። ይህን ስምምነት አለመፈረም ታካሚው እንዳይገባ አያደርግም ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ የፈረመ ሰው ሐሳቡን ከለወጠ በዘጠና ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊሽረው ይችላል ይላል። ቀኑን በልቤ ቆጠርኩ። እትዬ ካልሲውን ባወለቁበት ቀን ገና ጊዜ ነበር።

«ማን ነው የተረጎመላቸው?» አለ ጠበቃው።

«እኔ ነኝ።»

አየኝ። ቀጥሎም፣ ቋንቋውን አላውቅም ማለት ብዙ ጊዜ ፊርማን አያፈርስም፣ ይልቁንም አስተርጓሚ አብሮ ከነበረ አለ። አስተርጓሚ ያለው እኔን ነው። ያን ቀን ሻትሉን አቁሜ ባልገባ ኖሮ፣ እትዬ የሚከራከሩበት አንድ ነገር ይኖራቸው ነበር ማለት ነው።

መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ሽምግልና ነው አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«አላነበብከውም ነበር ማለት ነው።»

«አላነበብኩትም፣ እትዬ።»

ጥራዙን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያንን ገጽ ሲያዩ ኦሮራ ደረስን። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጉዳዩ የታየው በዚያው መሃል ከተማ፣ የመስተዋት ጠረጴዛ ባለው አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። ምንም ያህል ባስረዳቸው ሽማግሌ የሚለው ቃል ከእትዬ ልብ አልወጣም፤ ነጭ ለብሰው መጡ። ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው የተባለ ሰው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በማገገሚያው ቤት በኩል የመጡት ሁለት ጠበቆች ብቻ ናቸው። እትዬ ዙሪያውን ተመለከቱ።

«ከዚያ ቤት የመጣ ሰው የታለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ይቅርታ የሚጠይቀኝ ማን ነው?»

እነዚያ ሁለቱ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። አንደኛው የሆነ ነገር ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ፣ ውሳኔ ሳይሰጥ፣ የመስማሚያ ወረቀት አመጡ። የእኛ ጠበቃ ከዚህ የተሻለ አናገኝም አለ። ይህኛውን ከመጀመሪያዋ ቃል እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ጮክ ብዬ በአማርኛ አነበብኩላቸው። አንዳንዱን መስመር ሁለት ሦስት ጊዜ። ማገገሚያ ቤቱ ገንዘብ ይከፍላል፣ ግን ምንም ጥፋት አላመነም ይላል። ከሳሽም ይህን ጉዳይ ለማንም አትናገርም ይላል።

«ለንስሐ አባቴስ?»

ጠበቃውን ጠየቅኩት። አስቦ፣ ባይናገሩ ይመረጣል አለ።

«እግራቸው ምን ሆኖ ነው ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«ሕመም ነው ይበሉ» አለ።

እትዬ ብዕሩን አነሱ። ጋሼ ቤት ውስጥ የሚረዳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ የእትዬ ወገብ ደግሞ እሳቸውን ማንሳት አልቻለም። ፈረሙ። ሙሉው ተነቦላቸው፣ ሙሉው ገብቷቸው ፈረሙ።

ከመፈረምህ በፊት አንብብ የሚል ምክር ሲሰጥ እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ግን መካሪው ባሏ ኮሪደር ላይ ተኝቶ ስልሳ ገጽ የተዘረጋላትን ሴት አያውቃትም። ጥራዙን ያዘጋጁት ሰዎች ደግሞ በደንብ ያውቋታል። እንደማታነብ አውቀው ነው ቢጫውን ወረቀት የሚለጥፉት። ይህን ማወቄ እኔን ነፃ አያወጣኝም። እትዬ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ እኔ እችል ነበር።

እትዬ ይህን ታሪክ መናገር አይችሉም። እኔን ግን ማንም ፈርም አላለኝም፤ ስለዚህ እናገራለሁ።

ከዚያ በኋላ ወረቀት ሲመጣልኝ ወንበር ስቤ፣ መነጽር አድርጌ፣ ሁሉንም ማንበብ ጀመርኩ። ሰው አልወደደውም። አንዱ ጎረቤቴ የመኪና ውል ይዞ መጥቶ፣ አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ «መምህር፣ ፈተና አደረግከው እኮ» ብሎ ከእጄ ወሰደው። ቀስ በቀስ በሬን የሚያንኳኳ ቀነሰ።

ጋሼ አንድ ዓመት ተኩል ኖሩ። ተሽከርካሪ ወንበራቸውን መስኮቱ ጋ ያስጠጉላቸዋል፤ መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። ስገባ በደህናው እጃቸው ይጨብጡኝ ነበር። ገጹን ማን እንዳነበበ እትዬ ነግረዋቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም።

ከቀብራቸው በኋላ እትዬ ሊትልተን ወደምትኖረው የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሊገቡ ሆነ። ዕቃ በሚጫንበት ቀን ካርቶን ተሸክሜ አወረድኩላቸው። ሲያልቅ መኪናው አጠገብ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ይህን ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ውስጥ የእሳቸው ይቅርታ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። የእህታቸው ልጅ በሩን ዘጋችላቸውና ሄዱ።