በእግዚአብሔር ስም የሰጠሁት ቃል

የካርቱሙ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት በነበረ አንድ ዓርብ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከምኖርበት ከዴም ሰፈር ተነሣሁ። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ቃለ እግዚአብሔር የማስተምራቸው ሕፃናት የሚጠብቁኝ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ ማንሺያ ሰፈር መድረስ ነበረብኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። አፌ ከልቤ ይቀድማል፤ እናቴም ሁልጊዜ ትለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓርብ “እግዚአብሔር የገባውን ቃል አያጥፍም” እያልኩ ሳስተምር፣ የሰባት ዓመቷ ሐና እጇን አወጣች። እናቷ ዘውዴ ማንሺያ ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ነው የምታድረው። ሐና ሐጅ ዩሱፍ አክስቷ ጋር ናት። ከተያዩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል።

“እትዬ ስንዱ፣ ማማ የሚቀጥለው ዓርብ ትመጣለች?”

“ትመጣለች።”

“ኢንሻአላህ ነው ወይስ የእውነት?”

ካርቱም ያደገ ልጅ ይህን መለየት ያውቅበታል። ዓይኗን ሳይ አላስችል አለኝ። “የእውነት ነው። እግዚአብሔር ቃሉን አያጥፍም አላልኩሽም?” አልኳት።

እግዚአብሔር ስለ ዓርብ አንዲት ነገር አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ነገሩ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ከረመ። እና እሱ ያልገባውን ቃል እኔ ልፈጽምለት፣ ዘውዴን ላመጣት ወጣሁ።

ማንሺያ

ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ጠዋት ዴም ጭር ይላል። አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ፉል በዳቦ በላሁ። ሀፍላ የሚሉት አውቶቡስ ሰው እስኪሞላ ፀሐዩ ከረረ። ዋናው መንገድ ላይ ወርጄ ሪክሻ፣ የኛውን ባጃጅ፣ ስይዝ ነጂው የሀብታም ሰፈር ነው ብሎ እጥፍ ጠየቀኝ። “እኔ ሀብታም እመስላለሁ?” ብለው ሳቀና ቀነሰልኝ።

ዘውዴ የምትሠራበት ቤት ዘበኛ ጋሽ መኮንን ናቸው፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ከዘውዴ ጋር አማርኛ የሚያወሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

“ዛሬስ አይሆንም ልጄ። እንግዳ አለ፤ በግ ታርዷል” አሉኝ። ቢሆንም ጠሩልኝ።

ዘውዴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። የመጣሁበትን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

“ማዳምን ለምኜያት ነበር፣ ዛሬ አይሆንም አለችኝ። በሚመጣው ዓርብ ትመጣለች በያት።”

“ቀን አልናገርም ዘውዴ። አንዴ ተናግሬ ጉድ ሆኛለሁ።”

ከዚያ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታችና አጣጥፋ ሰጠችኝ። “አላጠብኩትም፤ ጠረኔ አለበት” አለች።

ሐጅ ዩሱፍ

ኩብሪ የሚሉትን የማንሺያ ድልድይ በሪክሻ ስሻገር ከታች ዓባይ ደፍርሶ ይወርዳል። ታማለች ልበላት? መንገድ ተዘግቶባት ነው ልበላት? ውሸት ሲፈልጉት እንዴት ቶሎ ይመጣል! ከድልድዩ ማዶ አስፋልቱ አለቀ፤ ውኃ በሚጭኑ የአህያ ጋሪዎች መሐል አቧራ እየቃምን ደረስን።

ሐና በር ላይ ነበረች፤ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ። እኔን አልፋ ወደ ሪክሻው አየች። ሪክሻው ባዶውን ዞሮ ሄደ።

አፈሩ ላይ ተንበረከክኩ። “ሐናዬ፣ ማማ ዛሬ ትመጣለች ብሎ እግዚአብሔር ቃል አልገባም። ያልኩት እኔ ነኝ። ዋሸሁሽ፤ ይቅር በይኝ።”

ሻሹን ተቀብላ ፊቷ ላይ አደረገችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

“እሱ ታዲያ ምንድን ነው ቃል የገባው?” አለች፣ ፊቷን እንደሸፈነች።

“አልተውሽም ብሏል። ሁልጊዜ አብሮሽ ነው።”

“ማማንም?”

“እሷንም።”

“እዚያ ማንሺያ? ማታ ስትተኛም?”

“ማታም።”

“የእውነት?”

“የእውነት።”

ሻሹን ከፊቷ ላይ አወረደችው። “በቃ እሺ። ማማ ማታ ብቻዋን እየፈራች መስሎኝ ነበር።”

ለካስ ሳምንቱን ሙሉ የተጨነቀችው ለራሷ አልነበረም። ያዘጋጀሁትን ትቼ ያን ቀን ስለዚህ ብቻ አስተማርኩ። ልጆቹ ተራ በተራ እግዚአብሔር ከማን ጋር እንዳለ ተናገሩ፤ አንዱ “ገዳሪፍ ከተማ ከሄደው አባቴ ጋር” አለ፣ አንዷ “ከታመመችው ድመቴ ጋር” አለች። ድመቷንም አልከለከልኩም።

መመለሻ

ከሰዓት በኋላ ኩብሪውን ተሻግሬ እንደገና ማንሺያ ወረድኩ። ጋሽ መኮንን ምንም ሳይጠይቁ ዘውዴን ጠሩልኝ። ልጅሽ እንዲህ አለች ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። የበሩን ብረት ይዛ ቆመች።

“ማን ነገራት?” አለች። “ማታ እንደምፈራ ለሰው ተናግሬ አላውቅም።”

“ማንም አልነገራት።”

ራሷ ላይ ሻሽ አልነበረም፤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። “እንግዲህ ዛሬ እተኛለሁ” አለችኝና ወደ ሥራዋ ገባች።

ዴም ስገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። እግሬ ቢዝልም ጉሮሮዬ ላይ የከረመው አጥንት ወርዷል። ከዚያ ወዲህ ለልጆች የእግዚአብሔርን ተስፋ ሳስተምር፣ እሱ ያላለውን ቀን አልጨምርበትም።