ኦቦ ቆርቆሮ ሲያነብ

ላፕቶፔ አርጅቷል። ሲሞቅ ከጎኑ የሚወጣው የተቃጠለ አቧራ ሽታ ሌላውን ሰው «ኧረ ጣይው ይሄን ነገር» ያሰኘዋል፤ ለእኔ ግን የሰበታ የእሑድ ከሰዓት ሽታ ነው። ትናንት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚንየም ቤቴ ውስጥ፣ ታች ልጆች ኳስ ሲራገጡ እየሰማሁ በነጻ የሚታደለውን የኮምፒውተር ሲስተም እንደ አዲስ ስጭንበት፣ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው እጄ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። መሥሪያ ቤት የምታወቀው በዚህ ሲስተም ጥቁር መስኮት ነው። ሰው ሁሉ በማውስ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ እኔ ፎቶ የማሳንሰውም፣ የጠፋ ፋይል የምፈልገውም፣ ቀን የማየውም እዚያ ውስጥ ትእዛዝ እየጻፍኩ ስለሆነ፣ ባልደረቦቼ በአጠገቤ ባለፉ ቁጥር «ባንክ ልትዘርፊ ነው እንዴ?» እያሉ ያሾፉብኛል። አባቴን ለማስነበብ ስል የተማርኩት ነው ብላቸው ማን ያምነኛል?

ቤታችን ሰበታ፣ በፉሪ በኩል ሲመጡ ባለው ዳገት ሥር ነበር። አባባ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ከማሽን ጩኸት ጋር ሲታገል ሰንብቶ እሑድ ምሳ ከተበላ በኋላ በረንዳው ላይ ይወጣና፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ ስንት ዘመን የሆነውን ያንኑ አንድ የልብ ወለድ መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነባል። ጎረቤቱ በርጩማውን አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን የሚመጣው ለታሪኩ ሳይሆን ለአባባ ነበር። አባባ ሽማግሌው ሲናገር ሽማግሌ፣ ሙሽራዋ ስትናገር ሙሽራ ይሆናል፤ «ዝናቡ መጣ» ብሎ ያነበበ ቀን እናቴ የተሰጣ ልብስ ልታስገባ ብድግ ብላ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ስቋል። የግንብ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ፣ ላሞቻቸውን አልበው ወተቱን አስረክበው ስለሚመጡ፣ ገና በሁለተኛው ገጽ ያንቀላፋሉ፤ አባባ ድምፁን ሲያቋርጥ ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ኢቲ ፉፊ፣ ቀጥል እንጂ» ይሉታል። ያ ድምፅና ያ የከሰዓት ፀሐይ አንድ ላይ ሆነው ሰውነቴን እንዴት እንደሚያፍታቱት ዛሬም አልረሳውም።

ከዚያ ዓይኑ ይደክም ጀመር። መጀመሪያ ወንበሩን ወደ ብርሃኑ አስጠጋ፤ ቀጥሎ መጽሐፉን አንዴ አቅርቦ፣ አንዴ አርቆ ሞከረው፤ በኋላ ሐኪሞቹ ግላኮማ ነው፣ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅለት አሉን። የቀረውም ብዙ ሳይቆይ ሄደ። አባባ በረንዳ መውጣቱን ተወ። ጎረቤቶቻችን ለጥቂት እሑዶች በርጩማቸውን ይዘው መጥተው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ ትንሽ ተቀምጠው ሄዱ፤ ከዚያ ቀሩ። ያ ሁሉ ሰው ሲያዳምጠው የኖረ አንደበት ከ«ውሃ ስጡኝ» እና ከ«መሸ እንዴ?» ሌላ የሚናገረው አጣ። እናቴ ማድ ቤት ገብታ ለእኅቴ ለሰናይት፣ ይሄ ሰው በቁሙ ሊቀበርብን ነው፣ አንድ ነገር አድርጊ እንጂ፣ ኮምፒውተር አይደል እንዴ የምትማሪው ስትላት ሰምቻለሁ።

ሰናይት ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ክረምት ላይ አንድ ቢሮ የጣለውን፣ ሲበራ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ኮምፒውተር ተሸክማ መጣች፤ በውስጡም በነጻ የሚታደል፣ አሠራሩ ለፈለገ ሁሉ ክፍት የሆነ፣ አሮጌ ማሽን የማይንቅ ሲስተም ጫነችበት። ያ የአቧራ ሽታ ቤታችን የገባው ያን ጊዜ ነው። ጽሑፍ ሲሰጡት ድምፅ አውጥቶ በአማርኛ የሚያነብ ፕሮግራምም አለ አለችን፤ እኛም አመንናት፣ ምን ምርጫ አለን? ግን የሚነበበው መጽሐፍ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው፣ አንዳችን እያነበብን ሌላችን እየጻፍን መጽሐፉን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባነው። ጥቁሩ መስኮት ላይ ነጫጭ ፊደሎች ሲደረደሩ ማየት እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ የጻፍነው ሲጠፋ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው።

ጨርሰን አባባን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥነውና ሰናይት ትእዛዙን ጻፈች። ኧረ የወጣውን ድምፅ! አፍንጫውን ተይዞ ባልዲ ውስጥ የሚናገር ሰው ነበር የሚመስለው፤ የሚጠብቀውን እያላላ፣ የሚላላውን እያጠበቀ፣ አራት ነጥብ ቢሉት ኮማ ቢሉት ሳይቆም ይጋልባል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን አፈነች። አባባ ግን ፊቱን አኮሳትሮ፣ «ማነው ይሄ ቆርቆሮ?» አለ። «ማን እያሳደደው ነው? ሰው እኮ የሰማውን የሚያላምጥበት ጊዜ ይፈልጋል።»

ሰናይት አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ከሰሞኑ የመጀመሪያው ረጅም ንግግሩ ስለሆነ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እዚያው ጥቁሩ መስኮት ውስጥ ጥቂት መስመሮች ጻፈችና ማሽኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ካነበበ በኋላ ኤንተር እስኪጫኑለት ድረስ ዝም ብሎ እንዲጠብቅ አደረገችው። አባባ ዳብሶ እንዲያገኘው ኤንተሩ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ በማጣበቂያ ለጠፈችበት።

ማግስቱ እሑድ ነበር። ኮምፒውተሩን በረንዳ አወጣነው። ቆርቆሮ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ቆመ። አባባ ጣቱን የሸሚዝ ቁልፉ ላይ አድርጎ አልተጫነም። ጉሮሮውን ጠረገና ያችኑ ዓረፍተ ነገር በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ዜማ፣ እንደ ድሮው አላት። ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞር ብሎ፣ «እንዲህ ነው የሚነበበው፣ ልጄ» አለውና ተጫነ። ቆርቆሮ ሁለተኛዋን አነበበ። አባባ ደገማት። እናቴ ያን ጊዜ ሳቋንም እንባዋንም ለቀቀችው።

ወሬው አጥር ዘለለና በርጩማዎቹ ተመለሱ። ስሙን «ኦቦ ቆርቆሮ» ብለው ያጸደቁት ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ የዚህስ አማርኛ ከእኔም ይብሳል፣ አሁን ገና ዘመድ አገኘሁ ብለው ተደሰቱ። ማሽኑ ቆሞ አባባ ትንሽ ሲዘገይ «ኢቲ ፉፊ» ይሉታል። ሰናይት ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ትእዛዙን የመጻፉ ሥራ የእኔ ሆነ። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ አንዱ ቃሉን ያቀብላል፣ ሌላው ነፍስ ይዘራበታል።

አባባ አሁን የለም። ኦቦ ገመቹም የሉም፤ ላሞቻቸው ይግጡበት የነበረው ሜዳ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ የእኛም በረንዳ ለመንገድ ፈረሰ። ሰናይት ሱሉልታ ታስተምራለች፤ ስንገናኝ ሁሌም የምናነሳው የአባባን ንባብ ነው። የኦቦ ቆርቆሮን ድምፅ ዛሬም በአንዲት ትእዛዝ አመጣዋለሁ፤ አላረጀም፣ አልሰለለም፣ ያው በአፍንጫው ነው። የአባባን ድምፅ ግን ከመካከላችን የቀዳ የለም። በየሳምንቱ የምንሰማው ነገር ያልቃል ብሎ ማን አሰበ? አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው።

ትናንት መጫኑ ሲያልቅ፣ ሰናይት የጻፈቻትን ያችን ትንሽ ፋይልና መጽሐፉን፣ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ሳሻግራቸው እንደኖርኩት፣ ወደ ቦታቸው ገለበጥኩ። ትእዛዙን ጻፍኩ። ኦቦ ቆርቆሮ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አነበበና ቆመ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ነጯ ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። ዓረፍተ ነገሯን በቃሌ አውቃታለሁ፤ አፌን ከፍቼ አልኳትም፤ የወጣው ግን ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የምታነብ ሴት ድምፅ ነው።

ጣቴን ኤንተሩ ላይ አደረግሁ፤ ግን አልተጫንኩም። አባባን ትንሽ ይጠብቀው።