በፎሌ ወደ በቆጂ

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ እሁድ ማለዳ፣ ከአዳማ ወደ በቆጂ ሽማግሌ ሆኜ ተጓዝኩ። ዓላማዬ አንድና አንድ ነበር፤ ለታናሽ ወንድሜ ለሰለሞን ሜሮን የምትባለውን የበቆጂ ልጅ መጠየቅ። ሁለቱም አዳማ ነርሶች ናቸው፣ ከተዋደዱም ቆይተዋል። የቀራቸው የአባቷ እሺታ ብቻ ነው። አባትየው በአምስት ሰዓት ሊጠብቁን ቀጠሮ ሰጥተዋል።

ሰለሞን እንደ ደንቡ እቤት ቀረ፣ መኪናውን ግን ሰጠን። ትንሽ፣ ነጭ፣ አውቶማቲክ ናት፤ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ "ጋሼ፣ አደራህን ቁልቁለት ላይ በፎሌ እንዳትለቃት። እንደ ጭነት መኪና አይደለችም" አለኝ።

በፎሌ መልቀቅ ማለት ቁልቁለት ሲመጣ ማርሹን ነፃ አድርጎ መኪናውን በራሱ ክብደት መስደድ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል። የተቆጠበው ነዳጅ የት እንደሚገባ ደግሞ ሹፌር ያውቃል! እኔ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ዕድሜዬን የጨረስኩት ጭነት መኪና ላይ ነው። "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!" ብዬ ሳቅኩበትና ሞተር አስነሣሁ።

ከአዳማ እስከ አሰላ

አብረውኝ የሄዱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከጎኔ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ታደሰ፣ ከኋላ ደግሞ ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ። ሁለቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ገና ከከተማ ሳንወጣ ግራ እግሬ የሌላትን ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄደና ፍሬኑን ረገጠው። የጋሽ ታደሰ ባርኔጣ ከመስታወቱ ጋር ተላተመ።

"ሳንሸመግል ልትቀብረን ነው?" አሉኝ።

"ለመኪናዋ እንግዳ ነኝ፣ ጋሽዬ። እንላመዳለን።"

ዴራ ስንደርስ ሙቀቱ ቀድሞን ነበር። ፍየሎች መንገዱን የአባታቸው ርስት አስመስለው ተኝተውበታል። ከኢተያ ጀምሮ ግን አገሩ ሁሉ ስንዴ ነው፤ ኮምባይነሮች በየማሳው ይንጎራደዳሉ፣ ገለባው እስከ አስፋልቱ ይበናል። አሰላ ላይ ብርዱ ተቀበለን። ፍርፍር በላን፣ ሻይ በሃያ ብር ጠጣን፣ ጨዋታ ጀመርንና ሰዓቱን ረሳነው። አራት ሰዓት ሆኗል ሲሉኝ ደንግጬ ተነሣሁ።

ከከተማው መውጫ ላይ አንዲት ሴት ጩኮ ትሸጣለች፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ የአርሲ ሰው የመንገድ ስንቅ። "ጩኮ! ጩኮ! አልፈሃት ሄድክ!" አሉ ኦቦ ቱፋ። መኪናዋ ወደ ፊት እየተንከባለለች ሳለ ወደ ኋላ ማርሽ ወረወርኳት። ከሥራችን ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ።

"ሱታ፣ ሱታ! ቀስ በል እንጂ፣ ጩኮው አይሸሽም!" አሉ ኦቦ ቱፋ።

ከአሰላ እስከ ሳጉሬ

ጭላሎ በግራችን ጉም ተከናንቦ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያው ቁልቁለት ሲመጣ እጄ እኔን አላማከረኝም፤ ማርሹን ነፃ አደረገው። መኪናዋ ተንሸራተተች፣ ሞተሯ ዝም አለ። ወይ ጣዕሙ! ታች ስንደርስ ነዳጅ ረገጥ አድርጌ በሩጫ ላይ ማርሹን መለስኩ። መኪናዋ ተንዘፈዘፈች። በሚቀጥለው ቁልቁለትም፣ ከዚያም በሚቀጥለው እንደዚያው አደረግኩ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ!

"ምንድነው እንዲህ የሚያናጥረን?" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"መንገዱ ነው" አልኩ። መንገዱ አስፋልት ነበር።

ሳጉሬን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን አልሄደችም። ረገጥኩ፤ ጩኸት ብቻ። ከዚያ ቆመች። የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ኮፋኖ ከፈትኩ፤ ምን እንደምፈልግ ግን አላወቅኩም። ከማሳው የመጡ ጎረምሶች "እንግፋት!" አሉ። ሞተሩ እየሠራ ምኑን ይገፉታል?

በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ። የሜሮን አባት ጋሽ ኃይሉ ናቸው። "የት ደረሳችሁ?"

"እየገባን ነው" አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እግዜር ይወቀው። በየስልኩ እንዲሁ ስንባባል የኖርን ሰዎች ነን፤ እቤቱ ሆኖ ጫማ እየፈለገ "ደርሻለሁ" የማይል ማን አለ? ደግሞም ሹፌር ነኝ ብዬ የተኩራራሁ ሰው ቆሜ ቀረሁ ማለት ከበደኝ። ኦቦ ቱፋ "እውነቱን ንገራቸው" አሉኝ። "አሁን ትነሣለች" አልኳቸው። ጋሽ ኃይሉ ደግመው ሲደውሉ ደግሜ ዋሸሁ። ሰለሞንም ሲደውል ያንኑ ነገርኩት።

ጎረምሶቹ ከሳጉሬ ጠርተው ያመጡልን መካኒክ የካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት መለኪያ መዝዞ አሸተተው፤ ዘይቱ ጠቁሯል። "ተቃጥሎ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። ሳይፈታ አይታወቅም፣ እኔ ደግሞ አውቶማቲክ ፈትቼ አላውቅም" አለ። "ብቻ በጎማዋ እንዳታስጎትቷት፤ የተረፈ ነገር ካለም ያልቃል። ጭናችሁ ውሰዷት።"

መኪናዋን ለእሱ አደራ ሰጥተን መንገድ ዳር ቆምን። ሚኒባሶቹ ጢም ብለው ያልፋሉ። በመጨረሻ የገብስ ጆንያ የጫነች ፒካፕ አዘነችልን። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች በነጭ ጋቢ ጆንያ ላይ ወጡ።

በቆጂ

ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ግቢው ተጠርጓል፣ ወንበሮቹ በረድፍ ተደርድረዋል፣ የሚቀመጥባቸው ግን የለም። ጋሽ ታደሰ እንደ ወጉ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ፣ የመጣንበትንም ተናገሩ። ጋሽ ኃይሉ አዳመጧቸው።

"መኪና ይበላሻል፤ የሰው እጅ ሥራ ነው" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ግን ከረፋድ ጀምሮ እየገባን ነው ስባል ዋልኩ። በተባልኩ ቁጥር ዘመዶቼን ይዤ እበር ድረስ ወጣሁ። ጎረቤት አየን። ሳጉሬ ቆመናል ብትሉኝ መኪና ልኬ አስመጣችሁ አልነበር?"

መሬት ብትከፈት በገባሁ! "ጥፋቱ የእኔ ነው አባቴ፣ ወንድሜ የለበትም" አልኩ።

"የአንተም ይሁን የወንድምህ፣ ልጄ የምትገባው እናንተ ቤት ነው። እንግዲህ ለዛሬ ይቆየን። ሰው እልክባችኋለሁ።"

ምግብ ቀርቦ ነበር። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይጎርስምና ሳንቀምስ ወጣን።

መልስ

አሰላ አድረን ሰኞ ረፋድ አዳማ ገባን። መኪናዋን ጭኖ ከሚያመጣ ሰው ጋር በመንገድ ላይ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ወደ ቤት ስቃረብ ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ መኪና ሲቀየር እጅም እግርም እንደ አዲስ መማር አለበት፣ ጉዳቱን ካምቢዮ ቀይሬም ቢሆን እክሰዋለሁ። ትምህርቴ ያ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሰለሞን እበር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ካምቢዮዋ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተዋት ጋሼ፣ ትሠራለች።" ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ትናንት ሜሮን እዚያው በቆጂ ሆና የት ደረሱ እያለች ስትደውልልኝ ነበር። አንተ እንደነገርከኝ፣ እየገቡ ነው አልኳት። በደወለች ቁጥር እሱኑ አልኳት። ከአባቷ ጋር እየወጣች መንገድ ስታይ ነበር አሉ። አሁን ስልኬን አታነሣም።"

ይህን ስጽፍም ከበቆጂ የተላከ ሰው የለም። "ቆመናል" ማለት ግን አንድ ቃል ነበር።