ከጀልባው ሥር

ወደ ውኃ ለመግባት አማርኛ ቃል አያጣም። ሕፃን ይነከራል፣ ልብስ ይዘፈዘፋል፣ ባለዕዳ ይዘፈቃል፣ አተላ ይዘቅጣል፣ ጎረምሳ ከድንጋይ ላይ ተወርውሮ ይገባል። ፀሐይም ትጠልቃለች፤ ነገ ተመልሳ እንደምትወጣ ስለምናውቅ ግን ማንም አይሰጋላትም። ሰው ሲጠልቅ ነገሩ ሌላ ነው። ጣና ላይ የሚሠሩ ሰዎች ጀልባ ላይ ሆነው «ሰጠመ» ማለት አይወዱም። ሳይወጣ የቀረውን «ባሕር ቀረ» ይሉታል፣ ገበያ ውሎ እንዳመሸ ሰው። ባሌ ደግሞ ከነዚህ ቃላት አንዱንም አይጠቀምም ነበር። ሸሚዙን ያወልቅና «መጣሁ» ይለኛል። እንደዚያች «መጣሁ» የጠላሁት ቃል የለም።

ባሌ ከባሕር ዳር ዘጌ በሚመላለስ የሕዝብ ጀልባ ላይ ረዳት ነበር። እምቦጭ የሚሉት አረም ሐይቁን ከወረረው ወዲህ ዋናው ሥራው መጥለቅ ሆነ። አረሙ ከሥር የሚሽከረከረው የሞተሩ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ ጀልባው ቀጥ ይላል፣ እሱ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ ይገባና ቆራርጦ ይወጣል። አባቴ ዘጌ ካሉት አድባራት ባንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። ስንጋባ ያን ያህል ደስ አላላቸውም። «የጠለቀ አማች ስጠኝ ብዬ ለምኜ ነበር፤ በምን እንደሚጠልቅ ሳልናገር ቀረሁ» ይሉ ነበር፣ ባሌ ፊት። ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር። ያኔ ጆሮው ደኅና ነበር።

መጀመሪያ ትራሱ ላይ መግል አየሁ፣ ቆይቶ ደም። «ውኃ ገብቶ ነው» አለ። የጆሮውን ነገር ሁሉ በዚችው ያልፋታል። ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ ሐኪም ዘንድ ላክሁት። ሐኪሙ ከእንግዲህ ጭንቅላትህ ውኃ ውስጥ እንዳይገባ አለው። የተሰጠውን ጠብታ ጆሮው ውስጥ አንጠባጠበና በማግስቱ ገባ። እኔ ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ጮህሁበት፣ ሰደብሁት፣ ጣሳ ወረወርሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ከኋላው ቆሜ አፌ እንዳመጣልኝ ሳወርድበት እሱ ሻዩን ፉት እያለ ቁጭ ብሏል። ታግሦኝ መሰለኝ። ዞር ሲል አየኝና ደንገጥ ብሎ «መቼ መጣሽ?» አለኝ። ለካ ያን ሁሉ ስድብ አልሰማኝም።

ያን ዕለት ነው ያስማለኝ። ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲናገር ከንፈር እያየ እንደሚለይ፣ ጀልባው ላይም እስካሁን ማንም እንዳላወቀበት ነገረኝ። ካወቁ በማግስቱ ሌላ ሰው ይተካል። የእንጀራ ነገር ነው ቢለኝ እከራከረው ነበር፤ ከዘጌ ጌሾ እያመጣሁ ባሕር ዳር ስለምነግድ ቤቱን መደጎም አያቅተኝም። እሱ ያለኝ ግን ሌላ ነው። «እላይ ስሆን ሰው ሲስቅ በምን እንደሚስቅ አላውቅም። እታች ግን ሁሉም ሰው ደንቆሮ ነው። እዚያ ከማንም አላንስም።» «አንተን ይንሳኝ፣ አልናገርም» ብዬ ማልሁ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ መሐላን መፍራት የተማርሁት ከፊደል ጋር ነው።

ከዚያ ወዲያ ጀልባው ላይ አብሬው ስሆን፣ እሱ ሲገባ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። አብሬው የምሰምጥ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ነባሩ ካፒቴን ታጋሽ ሰው ነበሩ፤ የባሌን እጅ የጀልባው ጠርዝ ላይ ሳያዩ ሞተር አያስነሱም። ክረምቱ ሲገባ እሳቸው ታመሙና በቦታቸው አንድ ወጣት መጣ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ። የእሱ ልማድ ሌላ ነው። ሞተር ሊያስነሳ ሲል የጀልባውን የብረት ወለል በመፍቻ ይደበድባል። ውኃ ውስጥ ድምፅ ይጎላል፤ ከሥር ያለ ሰው ያንን ሰምቶ ገለል ይላል። ይህን የሰማሁ ለት እህል አልወርድ አለኝ። ባሌን ብለምነው «ንዝረቱ ይነግረኛል» ብሎ ዘጋኝ።

ያን ቀን ጌሾዬን በማዳበሪያ ጭኜ ከዘጌ ስመለስ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋስ ተነሣ። ነፋሱ እምቦጩን እየነዳ አምጥቶ ዙሪያችንን አለበሰው። የመጣንበት መንገድ ከኋላችን ተዘጋ። ውኃ የነበረው ሁሉ የግጦሽ መስክ መሰለ። ሞተሩ አንዴ አጓራና ጠፋ። ባሌ ሸሚዙን አወለቀ፣ ወደ እኔ ዞሮ «መጣሁ» አለና ወረደ።

ነፋሱ ጀልባውን ወደ ድንጋያማው ዳርቻ ይገፋ ጀመር። አጠገቤ የነበሩት መነኩሲት እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ባሌ ብቅ አለ፣ ትንፋሽ ሳበ። ከተሳፋሪው አንዱ «ወጣ!» አለ። እሱ ግን ወዲያው ተመልሶ ገባ። ካፒቴኑ መሪው ላይ ሆኖ የሰማው «ወጣ» የምትለዋን ብቻ ነው። መፍቻውን አንሥቶ ወለሉን ደበደበ። ብረቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ባሌ አልወጣም።

«ተመልሶ ገብቷል፣ ከሥር ነው» አልሁት።

«ደበደብሁለት እኮ፣ ሰምቷል። ድንጋዩ ላይ ልንወጣ ነው፣ እናቴ» አለና እጁን ወደ ቁልፉ ላከ።

መሐላዬ ትዝ አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ለአንድ አፍታ አመነታሁ። ከዚያ ዘልዬ ክንዱን በጥፍሬ ያዝሁት። «አይሰማም! ባሌ ደንቆሮ ነው፣ ምንም አይሰማም!» ብዬ ሰው ሁሉ መሀል ጮህሁ። ልጁ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ባሌ ጊዜውን ወስዶ፣ ትከሻው ላይ አረም እንደተንጠለጠለ፣ ከሞተሩ ጎን ወጣ። «ጨረስሁ» አለ እየሳቀ። ሰው ሁሉ የሚያየው ጆሮውን ነበር። እማሆይ አዘኑለት መሰለኝ፣ ለደንቆሮ እንደሚደረገው ሁለት እጃቸውን እያወዛወዙ «ውጣ ልጄ፣ ውጣ» አሉት በምልክት። እጃቸውን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ሳቁ ከፊቱ ሲጠፋ አየሁት። የጀልባውን ጠርዝ እንደያዘ ብዙ ቆየ። እጁን የሚለቅ መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። በመጨረሻ ወጣ፣ ሸሚዙንም ሳይለብስ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

ሥራው በዚያው ቀን አበቃ። አሁን ዳር ላይ የዓሣ አጥማጆች መረብ ይጠግናል። አባቴ «ነፍስ አድነሻል፤ የመሐላሽን ነገር ለእኔ ተዪው፣ እጸልይበታለሁ» ብለውኛል። ጎረቤቱም መረቀኝ። ነገም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

እሱ አይሰድበኝም፣ አይቆጣኝም፤ ያገኘውን አምጥቶ ያስቀምጣል። ከአጥማጆቹ ጋር ከንፈራቸውን እያየ ያወጋል፣ ይስቃልም። እኔ አፌን ስከፍት ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ልቆጣ፣ ልለምን፣ ላልቅስ፣ ፊቱን ካዞረ አልቋል። ትናንት አልቻልሁም። አገጩን በሁለት እጄ ይዤ በግድ ወደ እኔ አዞርሁት።

ዓይኑን ጨፈነ።