ያጠብኋቸው ሦስት ሳህኖች

ወደ ሞጣ የሚሄደው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር። ቢቸና ውስጥ እኔ የማጸዳበት ትምህርት ቤት የሳይንስ አውደ ርዕይ ሲያዘጋጅ፣ አንደኛ የወጣው ሥራ ሞጣ ሄዶ ከሌሎች ወረዳዎች ጋር እንደሚወዳደር ርእሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ ተናገሩ። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ ለምትማር አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ግን ነገሩ ከውድድር በላይ ነበር። አባቷ ዘንድሮ ይበቃሻል ብሏታል፤ ሞጣ ከተላከች ግን ዘጠነኛን እንደሚያስቀጥላት ለሳይንስ መምህሯ ቃል ገብቷል። ይህን የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

እኔ ሰባተኛን ጀምሬ ያቋረጥሁ ነኝ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ቤተ ሙከራውን ስጠርግ ግን ብቻዬን ስለምሆን ልጆቹ የለጠፉትን ጽሑፍ አንድ በአንድ አነብ ነበር። በአሸዋና በከሰል ውኃ የሚያጣራውን ጠርሙስ፣ በጨለማ የበቀለውን ባቄላ፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። በዋዜማው የሳይንስ መምህሩ ዳኞች ከዞን ስለሚመጡ ጽሑፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን አለ። ልጆቹም የአማርኛውን ልጠው ሌላ ለጠፉ። ከዚያ ወዲያ ለእኔ ሁሉም ዝም አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ርእሰ መምህሩ አውደ ርዕዩ በሚታይበት አዳራሽ ውስጥ ቆሻሻ የሚባል ነገር እንዳይታይ አዝዘውኝ ቁልፉን ሰጡኝ። ስጠርግ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ በጋዜጣ የተሸፈኑ ሦስት ሳህኖች አገኘሁ። ስገልጣቸው እንጀራ ነው። አንዱ ጭራሽ አረንጓዴ ሆኗል፣ አንዱ ጠርዙን ይዞታል፣ ሦስተኛው እዚህም እዚያም ነጠብጣብ አለው። አጠገባቸው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ነበር፤ ከሌላ ሥራ የወደቀ መስሎኝ ወደ ጎን አደረግሁት።

ከገጠር የሚመጡ ልጆች ስንቃቸውን እሑድ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ሐሙስ ዓርብ ሲሆን ይሻግታል። እኔም እንደዚያ ነበርሁ። አንድ ቀን የሻገተ እንጀራ ከቦርሳዬ ወድቆ ክፍሉ በሙሉ «ሻጋታ» እያለ ይጠራኝ ጀመር። ዓመቱን ሳልጨርስ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ስለዚህ እነዚያን ሳህኖች ሳይ፣ አንዷ ምስኪን ስንቋን ረስታ ነገ በእንግዳ ፊት ልታፍር ነው ብዬ አዘንሁ። እንጀራውን ደፋሁት። ሳህኖቹን በአመድ ፈትጌ አጠብሁና ከራሴ ምሳ አንድ እንጀራ አጥፌ በአንዱ ላይ አኖርሁ። በጋዜጣው መልሼ ሸፈንሁት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የገባሁ።

በማግስቱ መጥረጊያዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ ሳለ ያቺ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ጋዜጣውን ገለጠች። ቤተ ሙከራው አይጥ ስላለበት ሥራዋን በኪራይ ቤቷ ስትጠብቅ ቆይታ ነው በዋዜማው ያመጣችው። ምንም የሌለበት፣ ጨው ያለበትና ፌጦ ያለበት እንጀራ የትኛው ቶሎ እንደሚሻግት የየቀኑን በደብተሯ ጽፋለች።

ዳኛው ደብተሩን አገላበጠ። «የጻፍሽው መልካም ነው። የሻገተው እንጀራ የታል?»

«አይጥ በልቶት ይሆናል» አለች።

«የቢቸና አይጥ በልቶ ሲጨርስ ሳህን ያጥባል?»

አዳራሹ ሳቀ። አንዱ ተማሪ ከኋላ፣ «አጥቦም አዲስ ይተካል» ብሎ ጨመረበት።

መምህሩ ማን እንደነካው ልጆቹን እየዞረ ጠየቀ። ወደ እኔ የተመለከተ ሰው አልነበረም። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው፤ አፌ አልከፈት አለኝ። ውኃ የሚያጣራው ጠርሙስ አንደኛ ወጣ።

ልጅቱን ከአዳራሹ ጀርባ የውኃ ሮቶው ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። እኔ ያኖርሁትን እንጀራ እየቆረሰች ትበላለች።

«እኔ ነኝ የደፋሁት» አልኋት።

«ወረቀቱን አላየሽውም፣ እትዬ?»

«አይቼዋለሁ። በእንግሊዝኛ ነው።»

ከኪሷ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ በጣቷ እየተከተለች፣ «ምንም የሌለበት፣ ጨው ያለበት፣ ፌጦ ያለበት፣ ዘጠነኛ ቀን» ብላ እንደ አስተማሪ ቀስ አድርጋ ነገረችኝ።

ገብቼ ልናገር አልኋት። ራሷን ነቀነቀች። «ከሥራ ያስወጡሻል። ደግሞ ዳኞቹ ሄደዋል።»

አልሄዱም ነበር። የመኪናቸው ሞተር ግቢው ውስጥ ሲነሣ ሁለታችንም እንሰማ ነበር። እሺ አልኋት። እሺ ስል የተሰማኝ እፎይታ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ።

መስከረም ላይ የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባም በእኛው ግቢ ነበርና ሳምንቱን ሙሉ በሩን ስጠርግ ሰነበትሁ። ከመንደሯ የመጣችን ልጅ ብጠይቃት እሷ ከእንግዲህ አትመጣም አለችኝ።

ሳህኖቹን ሳትወስድ ነው የሄደች። እኔ ዘንድ ዕቃ ቤት ውስጥ አሉ። አልበላባቸውም፣ ለሰውም አልሰጥ። አቧራ ሲይዛቸው አጥባቸዋለሁ።